ቃልና ሥራ፦ እብቁ በዐውድማው ይቅር

ገበሬ እህሉን ወቅቶ ሲጨርስ ፍሬውን ከእብቁ ጋር እንደ ተደባለቀ በአህያ ጭኖ ወደ ቤቱ አይሄድም። በዐውድማው ላይ ቆሞ ነፋሱን ይጠብቃል፤ ነፋሱም በመጣ ጊዜ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ እብቁን ለነፋስ ይሰጣል፤ ገለባውን ለከብቱ ይከምራል፤ ፍሬውን ብቻ በስልቻ ሞልቶ ይጭናል። ከቤት ከገባም በኋላ ባለቤቲቱ በሰፌድ ታበጥረዋለች፥ ጠጠሩንም ትለቅማለች፤ ሆኖም ዋናው ሥራ ያለቀው በዐውድማው ነው። የአህያይቱ ጉልበት ውስን፥ መንገዱም ሩቅ ስለ ሆነ፥ የማይበላውን ነገር ተሸክሞ መሄድ ሞኝነት መሆኑን ገበሬው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ ግን ይህ ጥበብ ተዘንግቶ ይታያል። አንድ ሠራተኛ በአንድ ወረዳ ውስጥ ስንት የጤና ተቋም እንዳለ ለማወቅ ፈልጎ የመላውን አገር የካርታ መረጃ ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል፤ መስመሩ ይቋረጥበታል፤ እንደገና ይጀምራል፤ እንዲህ ሲል ቀኑ ይመሻል። በመጨረሻ የወረደለትንም ቢከፍተው፥ ከሚፈልገው ከጥቂቱ ነገር ጋር ቍጥር ስፍር የሌለው ቤት፥ አጥርና የእግር መንገድ ተደባልቆ ያገኘዋል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው፤ ይኸውም የካርታ መረጃን ከማውረድ በፊት በየነገሩ ጠባይ እየለዩ የሚያስፈልገውን ብቻ ስለ መጠየቅ ነው። ጉዳዩ ለኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ከግማሽ የሚበልጠው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ በትክክል ያልተጠየቀ ነገር በትክክል አይመጣምና። ከዚህም በላይ፥ በተሳሳተ ጥያቄ ምክንያት ሳይመጣ የቀረው ነገር ምናልባት የአንድ ቀበሌ ብቸኛ ጤና ኬላ ሊሆን ይችላል።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ

አማርኛ ለሚማሩ ሹማምንት ይህ ጉዳይ መልካም የቃላት ትምህርት አለበት። አማርኛ የሚፈለገውን ከማይፈለገው ለመለየት አንድ ቃል ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፤ ለየነገሩ የየራሱን ቃል ሰጥቶታል። ዱቄትን መንፋት፥ እህልን ማበጠር፥ ምስርን መልቀም፥ ጠላን ማጥለል እንላለን። ዱቄት የሚነፋበት ዕቃ ወንፊት ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪዎች የሆንን መንፊት የምንለው ነው፤ ሁለቱም ቃላት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ማጣራት የሚለው ቃል ደግሞ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ጽሕፈት ቤት ገብቷል። ዘይት ይጣራል፤ ክስም ይጣራል፤ «ጉዳዩ ተጣርቶ ይቅረብ» የሚል ትእዛዝ ያልደረሰው ጸሐፊ የለም።

በኮምፒዩተር ሥራ በብዛት የተለመደው ማጣራት የሚለው ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን ለያዝነው ጉዳይ ማበጠር የሚለው ቃል ይበልጥ ይስማማል። ማጣራት አንድን ነገር ንጹሕ ማድረግ ሲሆን፥ ማበጠር ግን የቱ እንደሚቀርና የቱ እንደሚሄድ በገዛ እጅ መለየት ነው፤ የሚያበጥርም ሰው እጁ ካልሠለጠነ ፍሬውን ከእብቁ ጋር ያፈሰዋል።

ሦስተኛው ቃል ጠባይ ነው። ሰው ቍጡ ወይም ገር ጠባይ አለው እንደሚባል ሁሉ፥ በካርታ ላይ ያለ ነገርም ጠባይ አለው። መንገድ የሆነ እንደ ሆነ፥ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር? ድልድይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ስንት ቶን ይሸከማል? የውኃ ጕድጓድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ውኃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሁሉ የነገሩ ጠባይ ይባላል።

ካርታ እንደ መዝገብ ቤት

በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ሥዕል ነው፤ ሁሉንም ባንድነት ያሳያል እንጂ ከፍሎ አይሰጥም። በኮምፒዩተር የተቀመጠ የካርታ መረጃ ግን ከሥዕል ይልቅ መዝገብ ቤትን ይመስላል። ለእያንዳንዱ መንገድ፥ ለእያንዳንዱ ቤት፥ ለእያንዳንዱ ጕድጓድ አንድ ፋይል ተከፍቶለታል፤ በፋይሉም ላይ ጥያቄና መልስ ያለበት ቅጽ ተለጥፏል። «የምን አገልግሎት ይሰጣል?» ለሚለው «ሆስፒታል»፥ «ስሙ ማን ነው?» ለሚለው ስሙ ተጽፎበታል። በሙያው አነጋገር ጥያቄው ቁልፍ፥ መልሱ እሴት ይባላል፤ ሁለቱ ባንድነት ታግ፥ ማለት መለያ ይባላሉ።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምሳሌ ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ካርታ ነው። ይህን ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ጀመረው፤ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይጨምሩበታል፥ ያርሙታልም። በዚህ ካርታ ያለው ሁሉ በሦስት ዓይነት ይመዘገባል፤ እነርሱም ኖድ የተባለው ነጥብ፥ ነጥቦችን አያይዞ የሚሠራው ዌይ የተባለው መስመር፥ እንዲሁም ብዙዎቹን የሚያጠቃልለው ሪሌሽን የተባለው ስብስብ ናቸው። ይህን ክፍፍል አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

የጭነቱ ክብደት

የመላው ዓለም መረጃ ተጨምቆ በአንድ ፋይል ሲቀመጥ ከ70 ጊጋባይት በላይ ይመዝናል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህን ለማውረድ፥ መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ፥ ከ155 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህም ስድስት ቀን ተኩል ያህል ነው። የ200 ክሊኒኮች ዝርዝር ግን እያንዳንዱ 500 ባይት ቢሆን 100 ኪሎባይት ብቻ ይሆናል፤ በዚያው መስመር አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። መቼም ለወረዳ ሥራ የዓለምን ፋይል የሚያወርድ የለም፤ ነገር ግን የአገሩን ሁሉ ለአንድ ወረዳ፥ የወረዳውን ሁሉ ለአንድ ዓይነት ተቋም የሚጭን ብዙ ነው፤ ልዩነቱም የመጠን እንጂ የዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ማበጠሪያውን በመረጃው መኖሪያ ላይ የሚያኖሩ አገልግሎቶች ተዘጋጅተዋል። አንዱ ኦቨርፓስ ይባላል። ጠያቂው «በዚህ ወሰን ውስጥ ይህ ጠባይ ያለውን ስጠኝ» ብሎ በአጭር ጽሑፍ ይልካል፤ ሰርቨሩ ከመዝገቡ መርጦ የተመረጠውን ብቻ ይመልሳል። ጠያቂው ሌላ ካልወሰነ በቀር፥ አንድ ጥያቄ ከ180 ሴኮንድና ከ512 ሜጋባይት የማኅደረ ትውስታ መጠን እንዳያልፍ ተደርጓል። ይህም ሰርቨሩ የብዙ ሰው መገልገያ ስለ ሆነ፥ አንዱ በሰፊ ጥያቄ ሌላውን እንዳያግድ ነው።

የጥያቄ አጻጻፍ ለከበደው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ጥር 2010 በሃይቲ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በዚያው ዓመት የተቋቋመውና በአጭሩ ሆት የሚባለው የበጎ አድራጎት የካርታ ቡድን ኤክስፖርት ቱል የተባለ መሣሪያ አዘጋጅቷል። በዚህ መሣሪያ ወሰኑን በካርታው ላይ አሥምሮ፥ የሚፈለገውን ዓይነት ከዝርዝር መርጦ፥ ፋይሉን መቀበል ይቻላል። የየመሥሪያ ቤቱን ይፋ ካርታ ለሚያድሉ ሰርቨሮችም ደብልዩ ኤፍ ኤስ የተባለ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ እርሱም ጥያቄን በጠባይ ለይቶ ማቅረብን ይፈቅዳል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ እብቁ በዐውድማው ይቅር ማለት ነው።

ጥያቄ ሲሳሳት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጥቅሙ ነው። አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በሰፌድ የምታበጥር ሴት የወደቀውን ፍሬ በዓይኗ ታየዋለች፤ ጎንበስ ብላም ትለቅመዋለች። በሩቅ ሰርቨር ላይ የሚያበጥር ሹም ግን የወደቀውን አያይም። የሚደርሰው የተመረጠው ብቻ ነው፤ የቀረው መቅረቱን የሚነግረው የለም። በዚህም ምክንያት የጥያቄው ቃል ከወትሮው ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። የተለመዱትን ስሕተቶች አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

መጀመሪያው የስም ጥበት ነው። አንድ የጤና ሹም ለክትባት ሥራ የጤና ተቋማትን ዝርዝር ፈልጎ «ሆስፒታል» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሆስፒታል ብቻ ይመጣለታል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት በተሠራበት መለኪያ መሠረት፥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ፥ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ፥ አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል፤ ለአንድ ጤና ጣቢያም 5 ጤና ኬላዎች ይመደባሉ። እንግዲህ በዚሁ መለኪያ 100,000 ሕዝብ ላለው ወረዳ 1 ሆስፒታል፥ 4 ጤና ጣቢያና 20 ጤና ኬላ ይገባዋል። «ሆስፒታል» ብሎ የጠየቀው ሹም ከ25ቱ ተቋማት አንዱን ብቻ አገኘ ማለት ነው፤ ክትባቱ በእርግጥ የሚሰጥባቸው የቀሩት 24ቱ ከወረቀቱ ጠፉ። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ፥ ካርታውን የሚሠሩት ሰዎች ብዙዎች በመሆናቸው፥ አንዱ ጤና ኬላውን ክሊኒክ ሲለው ሌላው በሌላ ስም መመዝገቡ ነው። ስለዚህ ጠያቂው በአንድ ቃል አይታመን፤ የዘመድ ቃላቱን ሁሉ ይሰብስብ።

ሁለተኛው «እና» እና «ወይም» የሚሉትን ቃላት ማደባለቅ ነው። በአማርኛ ለጸሐፊያችን «ሆስፒታሎችንና ጤና ጣቢያዎችን አምጣልኝ» ብንለው ሁለቱንም ዓይነት ያመጣልናል፤ መልካም አድርጎ ተረድቷል። ኮምፒዩተር ግን «ሆስፒታል የሆነ እና ጤና ጣቢያ የሆነ» ሲባል፥ አንዱን ተቋም ሁለቱንም ባንድ ጊዜ የሆነ አድርጎ ይፈልገዋል፤ እንዲህ ያለ ስለማይገኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ቦታ የሚገባው ቃል «ወይም» ነው። በአነጋገር የምናገናኘውን በጥያቄ መለያየት፥ በአነጋገር የምንለያየውንም በጥያቄ ማገናኘት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው የትርጕም ወጥመድ ነው፤ በመንገድ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። በኦፕን ስትሪት ማፕ የመንገድ ሁሉ ቁልፍ «ሀይዌይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ይህን ሰምቶ ትልቁን አውራ ጎዳና ብቻ የሚጠብቅ ሰው፥ የእግረኛውም የበቅሎውም መንገድ አብሮ ሲመጣ ይደነግጣል። በዚያ ካርታ ቃሉ ሕዝብ የሚተላለፍበትን መንገድ ሁሉ፥ ከፈጣኑ የመኪና ጎዳና እስከ እግር መንገድ ድረስ፥ የሚያጠቃልል ነው። በሥሩም «አንክላሲፋይድ» የሚባል መደብ አለ። ይህ ቃል «ደረጃው ያልታወቀ» ተብሎ ቢተረጐም ፍጹም ስሕተት ይሆናል፤ ከእንግሊዝ የመንገድ አመዳደብ የመጣ ሲሆን፥ መንደርን ከመንደር የሚያገናኘውን አነስተኛ የሕዝብ መኪና መንገድ ያመለክታል። ቃሉን በመሰለው የተረጐመና «ያልታወቀውን ተወው» ያለ ሹም የዕርዳታ መኪና የሚሄድባቸውን የገጠር መንገዶች በገዛ እጁ ጣላቸው ማለት ነው።

አራተኛው የዝምታ ጉዳይ ነው። «አስፋልት ያልሆኑትን መንገዶች» ብንጠይቅ፥ በቅጹ ላይ ስለ ንጣፉ ምንም ያልተጻፈባቸው መንገዶች ይመጣሉን? መልሱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። በኦቨርፓስ ያልተጻፈበትም «አስፋልት አይደለም» ተብሎ ይመጣል። ኤስ ኪው ኤል በተባለው የመዝገብ ቋንቋ ደንብ ግን ያልተጻፈበት አይመጣም። አንደኛው ዝምታን እንደ እምቢታ ሲቈጥር ሌላኛው ዝምታን ከቍጥር ያወጣዋል። «የለም» ማለትና «አልተጻፈም» ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ማንኛውም የመዝገብ ሹም ያውቃል፤ ይህንኑ በካርታም ማሰብ ይገባዋል።

አምስተኛው የሦስቱ ዓይነት ጉዳይ ነው፤ እንመለስበታለን ያልነውም ይህ ነው። አንዱ ሆስፒታል በካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ሆኖ ተመዝግቦ ይሆናል፤ ሌላው ግቢው ዙሪያውን ተሥሎ እንደ መስመር ተመዝግቦ ይሆናል። ነጥቦችን ብቻ የሚጠይቅ ሰው በጥንቃቄ ዙሪያቸው የተሣለውን ትልልቆቹን ሆስፒታሎች ያጣቸዋል። ደግሞም መስመር ራሱ የቦታ ቍጥር የለውም፤ ቍጥሩ ያለው በነጥቦቹ ላይ ነው። ስለዚህ መስመርን ሲጠይቁ ነጥቦቹን ወይም የመካከሉን ቦታ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ስሙ የታወቀ፥ ስፍራው ግን ያልታወቀ ሆስፒታል ይዞ መቅረት ይመጣል።

ስለ ፊደል አንድ ቃል

ቦታን በስሙ የሚያበጥር ሰው በፊደላችን ምክንያት ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ሀ፥ ሐ እና ኀ በአማርኛ አነጋገር አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ፥ ጸ እና ፀ እንደዚሁ ናቸው። አንባቢ «ዓድዋ» እና «አድዋ» ተብሎ ቢጻፍለት አንዲት ከተማ መሆኗን ያውቃል። ኮምፒዩተር ግን በ1999 የግእዝ ፊደል በገባበት ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቍጥር ስላለው፥ ሁለቱን እንደ ሁለት ከተማ ይቈጥራቸዋል። በትግርኛ «መቐለ» የሚጻፈው በአማርኛ «መቀሌ» ይጻፋል፤ አንደኛውን የጠየቀ ሌላኛውን አያገኝም። አንዲት ከተማ ሁለት ስም ሲኖራትም፥ ማለት አዳማና ናዝሬት፥ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት እንደሚባለው፥ ጠያቂው ሁለቱንም ማሰብ አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው መንገድ፥ በተቻለ መጠን ቦታን በስም ሳይሆን በወሰን መጠየቅ ነው። በስም መጠየቅ ግድ የሆነ እንደ ሆነ ግን አጻጻፎቹን ሁሉ «ወይም» በሚለው ቃል አያይዞ ማቅረብ ይገባል።

ያልመጣው ሁሉ የለም ማለት አይደለም

ጥያቄው ያለ እንከን ቢጻፍ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም መዝገቡ ራሱ ያልያዘውን ሊሰጥ አለመቻሉ ነው። በናይሮቢ ከተማ የምትገኘው ኪቤራ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርባት ሰፈር ስትሆን፥ እስከ 2009 ድረስ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ መስላ ትታይ ነበር። በዚያን ዓመት ማፕ ኪቤራ በተባለው ሥራ የሰፈሩ ወጣቶች የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ መንገዱን፥ ክሊኒኩን፥ የውኃ መቅጃውንና ትምህርት ቤቱን መዘገቡ። ከዚያ በፊት ኪቤራን በክሊኒክ ጠባይ ያበጠረ ሰው ምንም አያገኝም ነበር፤ ክሊኒኮቹ ግን በስፍራቸው ነበሩ፤ ሕሙማንም ይታከሙባቸው ነበር። በዳሬ ሰላምም በ2015 የተጀመረው ራማኒ ሁሪያ፥ ትርጕሙ በስዋሂሊ ነጻ ካርታ ማለት ነው፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና ነዋሪዎችን አሰባስቦ በጎርፍ የሚጠቁትን ሰፈሮች ካርታ አነሣ። ዛሬ አንድ መሐንዲስ በዚያ ከተማ የውኃ መውረጃ ቦዮችን ብቻ ለይቶ ማውረድ ቢችል፥ አስቀድሞ በጭቃው ውስጥ ቆሞ ጠባያቸውን የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ የካርታ መረጃ ባዶ ሆኖ ሲመጣ፥ ሹሙ «በዚህ ቀበሌ ጤና ኬላ የለም» ብሎ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ጥያቄዬ ተሳስቷልን? መዝገቡ ጎድሎ ይሆንን? ወይስ ነገሩ በእውነት የለምን? ሦስቱን ሳይለይ የተወሰነ ውሳኔ፥ ካርታ ባይኖረው ኖሮ ከሚወስነው የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ካርታ የሌለው ሰው ቢያንስ አለማወቁን ያውቃልና።

ሁሉን ማምጣት የሚሻልበት ጊዜ

ፍርድን ላለማጓደል፥ ሁሉን አውርዶ በቤት ማበጠር የሚሻልበት ጊዜም እንዳለ እንናገራለን። በአንድ አገር መረጃ ላይ በየቀኑ የተለያየ ጥያቄ የሚያቀርብ ክፍል፥ ወይም መስመር ወደሌለበት ስፍራ የሚሄድ ቡድን፥ በየጊዜው ሰርቨሩን ከሚያስቸግር አንድ ጊዜ የአገሩን ፋይል ቢያወርድ ይቀለዋል። ለዚህም በጀርመን አገር የሚገኘው ጌኦፋብሪክ የተባለው ድርጅት የየአገሩን መረጃ ለይቶ፥ በየቀኑ እያደሰ ያቀርባል፤ ከወረደም በኋላ ኦስሚየም በተባለው መሣሪያ በጠባይ ማበጠር ይቻላል። ለጥቂት ቀን ጕዞ ዱቄት፥ ለክረምት ግን እህሉ በጎተራ እንደሚያስፈልግ ያለ ነው። የሚገባው፥ ሥራውን አይቶ አውቆ መምረጥ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

ለማጠቃለል ያህል፥ ሥራውን በሚከተለው መንገድ ማካሄድ ይጠቅማል።

መጀመሪያ፥ ኮምፒዩተሩን ከመክፈት በፊት፥ የሚፈለገው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፍ፦ «በዚህ ወረዳ ወሰን ውስጥ፥ ማንኛውም ሕሙማን የሚታከሙበት ተቋም፥ ነጥብም ቢሆን ግቢ።» በዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ያልቻለ ጥያቄ ገና አልበሰለም።

ሁለተኛ፥ ወሰኑ በቍጥር የሚሰጥ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ። ኦቨርፓስ ደቡብ፥ ምዕራብ፥ ሰሜን፥ ምሥራቅ ብሎ ይቀበላል፤ ሌሎች ብዙ መሣሪያዎች ግን ከምዕራብ ይጀምራሉ። ይህ ቢገለበጥ ጥያቄው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

ሦስተኛ፥ መረጃው ከመውረዱ በፊት ብዛቱ ብቻ ይጠየቅ። ይህ በጥቂት ሴኮንድ የሚገኝ ነው። ብዛቱም ወረዳው በእጁ ከያዘው መዝገብ ጋር ይነጻጸር። መዝገቡ 25 ሲል ካርታው 3 ካለ፥ ወይ ወንፊቱ ጠባብ ነው፥ ወይ ካርታው ጎዶሎ ነው፤ ሳያጣሩ ማውረድ አይገባም።

አራተኛ፥ ጥያቄው ራሱ ከነቀኑ በፋይል ይቀመጥ። ካርታው በየደቂቃው ስለሚታረም፥ የዛሬው መልስ ከወር በኋላ ከሚመጣው ይለያል። ቍጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ እንደማይታመን፥ ጥያቄውና ቀኑ ያልታወቀ የካርታ መረጃም እንደዚሁ ነው። የመረጃው ምንጭም ይጠቀስ፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከ2012 ጀምሮ በሚሠራበት ፈቃድ መሠረት ይህ ግዴታ ነው።

አምስተኛ፥ ጎድሎ የተገኘው ነገር ሁሉ ወደ ካርታው ይመለስ። የወረዳው ሠራተኛ የሚያውቀውን ጤና ኬላ በትክክለኛ ጠባዩ ቢመዘግብ፥ ከእርሱ በኋላ የሚጠይቀው ሁሉ ያገኘዋል። ከዐውድማው የወሰደ ሰው ለዘር የሚሆነውን ማስቀረት አለበትና።

ቋንቋን መማር የቃላትን ዝርዝር ማጥናት ብቻ ሳይሆን፥ የሚፈልጉትን ነገር ከማይፈልጉት ለይቶ በአጭርና በማያሻማ ቃል መጠየቅን መልመድ ነው። ይህን የለመደ ሹም በአማርኛ ለመዝገብ ቤቱ ሲጽፍ የሚፈልገውን ፋይል ያገኛል፤ በካርታ ቋንቋም ለሰርቨሩ ሲጽፍ የሚፈልገውን ነጥብ ያገኛል። አሻሚ ጥያቄ የጠየቀ ግን ያልፈለገውን ተሸክሞ፥ የፈለገውን ጥሎ ይመለሳል። በሚቀጥለው ሳምንት «መወሰን» እና «መከለል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ይዘን የወሰን ነገር በደብዳቤም በካርታም እንዴት እንደሚጻፍ እንመለከታለን።